አፍ በፈቱበት ቋንቋ ተማሪ የሆኑት ኦነሲሞስ ነሲብ

ልጅ ጠያቂ ነው። ጨረቃ ለምን ትከተለናለች፣ ወንዙ ሄዶ ሄዶ የት ያልቃል፣ እንጀራ ለምን ዓይን አወጣ እያለ ያደርቀናል። እኛ ታዲያ በአንድ በኩል መጠየቅ ሊቅ ያደርጋል እያልን እንተርታለን፤ ልጁ ጥያቄውን ሲደጋግም ደግሞ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ብለን ዝም እናሰኘዋለን። ሁለቱም ተረት የኛው ነው። የትኛው እንደሚያሸንፍ ግን ሁላችንም በየቤታችን እናውቀዋለን።

ሳይንስ የሚባለው ነገር የሚጀምረው ከዚሁ ከልጅ ጥያቄ ነው። ነገር ግን በጥያቄ ብቻ አያበቃም። መልስ አገኘሁ ያለ ሰው መልሱን መልሶ ሲፈትሽ፣ ሌላው እንዲያርመው ሲያቀርብ፣ ስህተት ሲገኝበትም ሲያስተካክል ነው ሳይንሳዊ አስተሳሰብ የሚባለው። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ የሌላውን ሳይሆን የራስን እውቀት መጠራጠር ነው። ለዚህ ምሳሌ ስጡ ስንባል ብዙዎቻችን ወደ ጋሊሊዮና ወደ ኒውተን እንሮጣለን። እኔ ግን ምሳሌዬን የምፈልገው እዚሁ ኢሉባቦር ውስጥ ነው። ሰውየው የላቦራቶሪ ሰው አልነበሩም፤ ተርጓሚና አስተማሪ ነበሩ። ስማቸውም ኦነሲሞስ ነሲብ ይባላል።

ከበደሌ ወደ መቱ ሲኬድ፣ መቱ ከመግባታችን በፊት ሁሩሙን እናገኛለን። ኦነሲሞስ የተወለደው በዚሁ በሁሩሙ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ነበር። አራት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ። ከዚያም ገና ልጅ ሳለ ባሪያ ፈንጋዮች ነጥቀው ወሰዱት። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ጌታ እየተሸጠ፣ ከቡናው አገር ተነስቶ ቀይ ባሕር ዳር ምጽዋ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1870 ስዊዘርላንዳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ነፃ አወጣውና ምጽዋ ለነበረው ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ሰጠው።

እንግዲህ አስቡት። ይህ ልጅ አባቱን፣ እናቱን፣ አገሩንና ነፃነቱን አጥቷል። ሰው እንደ ዕቃ ሲሸጠው ኖሯል። ማንንም ላለማመንና ስለምንም ነገር ላለመጠየቅ በቂ ምክንያት ነበረው። እሱ ግን ሚሲዮኑ ዘንድ ሲገባ ትምህርት ወዳድ ተማሪ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 1872 በፋሲካ ዕለት ተጠመቀና ኦነሲሞስ ተባለ። ስሙ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ጳውሎስ ደብዳቤ የጻፈለት የባሪያው ስም ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነገር ነገር አለ። ሂካ በአፋን ኦሮሞ የሚፈታ፣ የሚተረጉም ማለት ስለሆነ ስሙ ሥራውን አስቀድሞ ተናግሯል ይባላል። ስምን መልአክ ያወጣዋል የምንለው ዓይነት መሆኑ ነው። የስሙ ትርጉም ልክ ነው። ግን እስቲ እንጠይቅ፦ ሂካ የተባለ ሁሉ ተርጓሚ ሆኗል እንዴ? የተሳካውን አንዱን ሂካ ብቻ አንስተን ሌሎቹን ሁሉ ከተውናቸው ማስረጃ አላቀረብንም፤ ደስ የሚል ወሬ ነው ያወራነው። ሂካን ተርጓሚ ያደረገው ሥራ ነው።

እስካሁን እንደ ልጅ እሱ እያልኩ መጣሁ፤ ከዚህ በኋላ አንቱታው ይገባቸዋል። ኦነሲሞስ ወደ ስዊድን ተልከው ዮሃኔሉንድ በሚባለው የሚሲዮን ተቋም አምስት ዓመት ተማሩ። ከተመለሱ በኋላ ምህረት ኃይሉን አገቡ። ወደ ኦሮሞ አገር ለመድረስም ተነሱ። አፄ ዮሐንስ የውጭ ሚሲዮኖችን ይከለክሉ ስለነበር መንገዱ በሱዳን በኩል ሆነ። ግን ድንበሩ አካባቢ ፋማካ ከምትባል ቦታ አላለፉም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1882 ካርቱም ሲመለሱ በትኩሳት ታመው ነበር። በእግር መድረስ ስላልተቻለ እምኩሉ ተመልሰው በመጽሐፍ ለመድረስ ወሰኑ፤ ትርጉሙን ጀመሩ።

ዋናው ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው። ኦነሲሞስ ሲተረጉሙ አንድ የሚያሳፍር የሚመስል ነገር አወቁ፦ አፍ የፈቱበትን ቋንቋ በሚገባ አያውቁትም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከሕዝቡ ተለይተው ኖረዋልና። የልጅ ቋንቋ ለእናት፣ ለወተት፣ ለከብት ቃል አለው፤ ለኪዳን፣ ለፍርድ፣ ለምሕረት የሚሆነው ቃል ግን ከሽማግሌዎች አጠገብ ተቀምጦ ነው የሚለመደው። እሳቸው ያን ዕድል አላገኙም። ዝም ብለው መቀጠል ይችሉ ነበር እኮ! አውሮፓ የተማሩ ናቸው፣ ትውልዳቸውም ኦሮሞ ነው፤ እምኩሉ ላይ ማን ተነስቶ ተሳስተዋል ይላቸው ነበር? እሳቸው ግን ራሳቸውን ጠየቁ። የሚያውቅ ሰውም ፈለጉ።

ከተገኙት ሰዎች ዋነኛዋ አስቴር ጋኖ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1872 ገደማ የተወለደች፣ በሊሙ እናርያ በባርነት የቆየች ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1886 ወደ ዐረብ አገር ገበያ ስትወሰድ የጣሊያን መርከብ ጀልባውን ይዞ አስጣላትና እምኩሉ ገባች። ያኔ ገና የአሥራ አራት ዓመት ገደማ ልጅ ብትሆንም ቋንቋውን ከነለዛው ይዛ ነው የመጣችው። የአፋን ኦሮሞ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ አዲስ ኪዳኑን ለማረም የዋለው ይኸው ነው። ወደ 500 የሚጠጉ እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችንም በጽሑፍ አሰፈረች። ከኦሮሞ ምድር በተለያየ መንገድ የመጡ ሌሎች ነፃ የወጡ ሰዎችም በሥራው ተሳትፈዋል። አንድ ሰው ልክ ነው ያለውን ቃል ሌላው ሰምቶ እንዲህ አይባልም ሊል ይችላል ማለት ነው። ይህ ፍተሻ ካልተባለ ምን ፍተሻ ሊባል ነው?

ውጤቱም ታየ። አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1893፣ የማንበቢያ መጽሐፉ በ1894 ታተመ፤ አስቴር ከሰበሰበቻቸው ብዙዎቹም በማንበቢያው ውስጥ ገቡ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊዘርላንድ ቅዱስ ክሪሾና ታተመ። ዛሬ አፋን ኦሮሞ በቁቤ ይጻፋል፤ ያ መጽሐፍ ግን የታተመው በግዕዝ ፊደል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1904 ኦነሲሞስና አስቴር ከሌሎች ጋር ወለጋ ገቡ። ኦነሲሞስ ነቀምቴ ላይ ትምህርት ቤት ከፍተው በሕዝቡ ቋንቋ ያስተምሩ ጀመር። በ1906 የአካባቢው ካህናት እመቤታችንን ይሳደባል ብለው ከሰሷቸውና አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ። ከአገር እንዲወጡ ተወሰነ። አፄ ምኒልክ ግን ውሳኔውን ሽረው፣ እንዳይሰብኩ ከልክለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱ። ኦነሲሞስም ማስተማሩን ቀጠሉ። በ1916 ልጅ ኢያሱ እንዲሰብኩ ፈቀዱላቸው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 21 ቀን 1931 ነቀምቴ ላይ አረፉ።

ጋዜጠኝነት የምንማር ሰዎች አንድ ነገር እንጨምር። የመጽሐፍ ቅዱሱ ርዕስ ገጽ ትርጉሙን የሚሰጠው ለኦነሲሞስ ብቻ ነው፤ የአስቴር ስም የለበትም። የታተመ ሁሉ ሙሉ እውነት ነው ብለን ብንቀበል ኖሮ እሷን አናውቃትም ነበር። ስለዚህ የምናደንቀውንም ሰው ታሪክ ሌላስ ማን ነበር ብለን መጠየቅ አለብን። እንዲህ መጠየቅ ኦነሲሞስን አያሳንሳቸውም። እሳቸው በራሳቸው እውቀት ላይ ያደረጉትን እኛም በእሳቸው ታሪክ ላይ ማድረጋችን ነው።

ሁሩሙ ላይም ሆነ መቱ ላይ ዛሬ የሚጠይቅ ልጅ አይጠፋም። መልሱን ባናውቀው እስቲ ከሚያውቅ እንጠይቅ ማለት ከክብራችን ምንም አይቀንስም። ስዊድን ድረስ ሄደው የተማሩት ኦነሲሞስ ከጠየቋቸው ሰዎች አንዷ በዕድሜ ከእሳቸው በአሥራ ስድስት ዓመት ገደማ የምታንስ ልጃገረድ ነበረች። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል፤ እምኩሉ ላይ ግን በቅቷል።