ዘር ፍለጋ ዓለምን የዞሩት ቫቪሎቭ

የአማኑኤል አካባቢ አርሶ አደር ለዘር የሚያስቀምጠውን ገብስና ስንዴ በዓይኑ ይመርጣል፤ አገዳው የጠነከረውን፣ ዛላው የሞላውን ይለያል። ይህን የመልክና የቁመት ልዩነት የዕድሜ ልክ ሥራቸው ካደረጉት ሳይንቲስቶች አንዱ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ናቸው (ዘመኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ቫቪሎቭ በ1887 በሞስኮ ተወለዱ። ግብርና ከተማሩ በኋላ ወደ እንግሊዝ ተሻግረው የዘር ውርስ ሳይንስን አጠኑ። በ1920 ዝምድና ያላቸው ሰብሎች ተመሳሳይ ልዩነቶችን እንደሚያሳዩ አስረዱ። አንዱ ስንዴ በዛላው ላይ ሹል ጸጉር የሌለው ዝርያ ካለው፣ ዘመዱ የማካሮኒ ስንዴም ሊኖረው ይገባል ማለት ነው።

በ1927 ኢትዮጵያ መጥተው ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኙ። ከአዲስ አበባ በበቅሎ ተነሥተው የሰሜኑን ደጋ አቋርጠው እስከ ኤርትራ ዘለቁ። የጠበቁትን ጸጉር አልባ የማካሮኒ ስንዴ በአክሱም አካባቢ አገኙት። አገራችንንም ከዓለም ዋና ዋና የሰብል መገኛዎች እንደ አንዷ መዘገቧት።

መጨረሻቸው ግን መራራ ነበር። የዘር ውርስ ሳይንስን የሚክደው ሊሴንኮ በስታሊን ዘንድ ተሰሚነት ሲያገኝ፣ ቫቪሎቭ በ1940 ታሰሩ። በ1943 በሳራቶቭ እስር ቤት በረኃብ ተጎድተው ሞቱ። በተከበበችው ሌኒንግራድም በርካታ ባልደረቦቻቸው የሰበሰቡትን ዘር ሳይነኩ በረኃብ አለቁ። በ1955 ቫቪሎቭ ከተከሰሱበት ወንጀል ነጻ ተባሉ።

የዚያ መሥዋዕትነት ፍሬ ዛሬ በዘረ መል ካርታ ሥራ ይታያል። ለምሳሌ አጭርና ረጅም ቲማቲም ይዳቀላሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው በብዛት ተዘርተው ቁመታቸው፣ ቅርንጫፋቸውና የፍሬያቸው ቅርጽ ይለካል። ከዚያም የትኛው መልክ ከየትኛው የክሮሞሶም ክፍል ጋር አብሮ እንደሚወረስ ይመረመራል። የቲማቲምን ግንድ ዕድገት የሚገታው ዘረ መል በ12ቱ ክሮሞሶሞች መካከል በ6ኛው ላይ የተገኘው በእንዲህ ዓይነት ሥራ ነው። ወላጆቹ አንድ ዓይነት ቢሆኑ ግን ካርታው ባዶ ይሆናል።

ስለዚህ ምርጥ ዘር ሲመጣ የአገሬውን ዘር ጨርሶ መጣል አይገባም። አገራችን ከ1976 ጀምሮ የራሷ የዘር ባንክ አላት። ይሁንና ከማሳ የጠፋና ባንክም ያልገባ ዝርያ የያዘውን ባሕርይ ይዞ ይጠፋል። ጥቂት መደብ የአባት ዘር ማቆየት፣ ቫቪሎቭ የጀመሩትን ሥራ ማስቀጠል ነው።