ሁለቱ የመንገድ ወዳጆች

በዚህ እትማችን ሕዝባችን አቡነ ያዕቆብ ብሎ የሚጠራቸውን የቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስን ሕይወት ልናስታውሳችሁ ወደድን። የእርሳቸው ታሪክ ከመንገድ ጓደኛቸው ከብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ታሪክ ተለይቶ አይነገርም።

አቡነ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1800 በጣሊያን አገር ሳን ፌሌ በተባለች ከተማ ተወለዱ። የላዛሪስት ማኅበር ካህን ሆነው እ.ኤ.አ. በ1839 በምጽዋ በኩል አድዋ ገቡ። በዚያ ዘመን ባዕድ ካህን በጥርጣሬ ዐይን ይታይ ነበርና ለስብከት አልተጣደፉም። የአገሩን መነኰሳት ልብስ ለበሱ፤ ግእዝን፣ አማርኛንና ትግርኛን ተማሩ። ለሰው ከመናገር አስቀድሞ ከሰው ጋር መሄድን መረጡ።

እ.ኤ.አ. በ1841 ደጃዝማች ውቤ ከእስክንድርያ ጳጳስ የሚያመጡ መልእክተኞችን ወደ ግብጽ ሲልኩ፣ አቡነ ያዕቆብ አብረው እንዲሄዱ ለመኗቸው። እርሳቸውም መልእክተኞቹ ሮማን እንዲጎበኙ ጠይቀው ተስማሙ። ከመልእክተኞቹ መካከል የጎጃሙ ተወላጅ፣ የመርጡለ ማርያም ገዳም መነኵሴ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። እኒህ ሊቅ እውነትን ፍለጋ መጻሕፍትን ሲመረምሩ የኖሩ እንጂ ባዕድን በቀላሉ የሚያምኑ አልነበሩም።

ከአድዋ ደጋ ወደ ቀይ ባሕር መውረድ የብዙ ቀን ጉዞ ነው። በሐዋሳ መሃል ከተማ በባጃጅ ወደ ቅዳሴ ለምንመጣ ለእኛ የዚያ ቁልቁለትና ሐሩር ነገር በቀላሉ አይገባንም። በመንገድ ላይ ጠባይ አይሸሸግም፤ ሲደክመው የሚቆጣ፣ ውኃ ሲያንስ ራሱን የሚያስቀድም ወዲያው ይታወቃል። አባ ገብረ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1844 የካቶሊክ እምነትን ሲቀበሉ፣ የመጻሕፍቱ ምርመራ ብቻ ሳይሆን ያ አብሯቸው የተጓዘ ካህን ሕይወትም እንደ ሳባቸው እናምናለን። ከዚያም በጓላ የካህናት ትምህርት ቤት አብረው ደከሙ። አቡነ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1849 በስውር ጵጵስና ተቀብተው ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1851 ለወዳጃቸው ማዕረገ ክህነት ሰጧቸው።

እ.ኤ.አ. በ1854 ሁለቱም በጎንደር ታሰሩና ተለያዩ። አቡነ ያዕቆብ ከአገር እንዲወጡ ተደርገው፣ በብዙ ድካም ዞረው ወደ ቀይ ባሕር አካባቢ ተመለሱ። አባ ገብረ ሚካኤል ግን ሃይማኖታቸውን አልክድ በማለታቸው በሰንሰለት ታስረው የዐፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት ተከትለው እንዲጓዙ ተፈረደባቸው። እ.ኤ.አ. በ1855 ክረምት፣ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኗቸው ሳለ፣ በዚያው ጉዞ ላይ ዐረፉ። ወዳጃቸው በዚያች ሰዓት አጠገባቸው አልነበሩም።

አቡነ ያዕቆብም አምስት ዓመት ቆይተው በመንገድ ዐረፉ። እ.ኤ.አ. በጁላይ ወር መጨረሻ 1860 በትኩሳት ተይዘው ሳለ፣ ከምጽዋ አጠገብ ካለው ከእምኩሉ ተነሥተው ወደ ሐላይ ደጋ ጉዞ ጀመሩ። ካህናትና ተማሪዎች አብረዋቸው ነበሩ። በጁላይ 31 ቀን፣ በአሊጌዴ ሸለቆ፣ ወደ ፊት መሄድ ተሳናቸው። ጓደኞቻቸው በመንገዱ ዳር አሳረፏቸው፤ ቅብዐ ቅዱስም ተቀበሉ። የሚቀሩትን ልጆቻቸውን ተሰናብተውና ባርከው በዚያው ዐረፉ። ሥጋቸው በሔቦ ተቀበረ።

ቤተ ክርስቲያን አባ ገብረ ሚካኤልን እ.ኤ.አ. በ1926 ብፁዕ፣ አቡነ ያዕቆብን እ.ኤ.አ. በ1975 ቅዱስ ብላ አወጀች።

ሐላይ አልደረሱም፤ መንገዳቸው ግን ከንቱ አልሆነም እንላለን። በየገጠሩ ከጸሎት ቤት ወደ ጸሎት ቤት በእግራችሁ የምትዞሩ ካተኪስቶች ሆይ፤ ደክማችሁ ደርሳችሁ ጥቂት ሰዎች ብቻ ሲጠብቋችሁ ተስፋ አትቁረጡ። አቡነ ያዕቆብን በጥርጣሬ ያየ አንድ መነኵሴ አብሯቸው ተጓዘ፤ ያም መነኵሴ ሰማዕት ሆነ። እናንተም ከጎናችሁ የሚሄደውን አንዱን ሰው አትናቁት። የሁለቱ ወዳጆች ጸሎት በመንገዳችን ሁሉ አይለየን። አሜን።