ሰብረዲን (የይፋት ሱልጣን)

ቀዳማዊ ሰብረዲን በ14ኛው ክፍለ ዘመን የይፋት ሱልጣን የነበረ፣ ከወላስማ ሥርወ መንግሥት የተወለደ ገዥ ነው። በይበልጥ የሚታወቀው በ1324 ዓ.ም. (1332 እ.ኤ.አ.) በዐፄ ዐምደ ጽዮን ላይ በማመፁ ነው። ስለ እርሱ ዋናው ምንጭ የንጉሡን ዘመቻ የሚተርከው የግዕዝ ዜና መዋዕል በመሆኑ፣ ታሪኩ የተጻፈው ከአሸናፊው ወገን ነው።

ይፋትና ማዕከላዊው መንግሥት

የይፋት ሱልጣኔት ዛሬ ሸዋ ሮቢት የምትገኝበትን ቆላና በላዩ ያለውን ተራራማ አገር ይዞ ነበር። በዚያ አካባቢ በሚገኝ የፍርስራሽ ቦታ የወላስማዎች መቃብሮች ተገኝተዋል። ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣው የንግድ መንገድ በይፋት ስለሚያልፍ፣ ሱልጣኑም ንጉሠ ነገሥቱም ጥቅማቸው እዚያው ላይ ይገናኝ ነበር። ሱልጣኑ አገሩን በራሱ ሃይማኖትና ልማድ ያስተዳድራል፤ ለንጉሠ ነገሥቱ ግን ግብር ይከፍላል። በዚያው ዘመን የጻፈው ዐረባዊው አል-ዑመሪ እንደሚለው፣ አንድ ገዥ ሲሞት ወራሾቹ እጅ መንሻ ይዘው ወደ ንጉሡ ይሄዱና የመረጠው ይሾም ነበር።

አሿሿሙ

ከእርሱ በፊት የገዛው ወንድሙ ሐቀዲን፣ ከካይሮ ሲመለስ የነበረውን የዐምደ ጽዮንን መልእክተኛ በማሰሩ ንጉሡ ዘምቶ ማረከው። በምትኩም ሰብረዲንን ሾመ።

ዐመፁ

ሰብረዲን ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነጋዴዎች ይዘውት የነበረውን የንጉሡን ንብረት ወሰደ፣ አብያተ ክርስቲያናትንም አቃጠለ። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው ሠራዊቱን በሦስት ከፍሎ ወደ አምሐራ፣ ወደ አንጎትና ወደ ሸዋ አዘመተ፤ ለክርስቲያን አውራጃዎችም አስቀድሞ ገዥዎችን መደበ። በንጉሡ መቀመጫ በመራዴ ጫት እንደሚተክልም ዛተ። ይህ በኢትዮጵያ ጽሑፎች ስለ ጫት ከሚገኙት ቀደምት ምስክርነቶች አንዱ ነው።

ውድቀቱ

የንጉሡ ጦር ሰብረዲንን አሸንፎ ሰፈሩን ዘረፈ። መሸሸጊያ ባጣ ጊዜ በንግሥቲቱ አማላጅነት ምሕረት ለመነና እጁን ሰጠ፤ ንጉሡም ከወንድሙ ከሐቀዲን ጋር አሰረው። ዐምደ ጽዮን ወላስማዎችን ከሥልጣን ፈጽሞ አላነሣም፤ ሌላውን ወንድም ጀማልዲንን ሾመ። እርሱም ከአዳል ጋር ሲዶልት በመገኘቱ ተሽሮ ናስረዲን ተተካ።

ከእርሱ በኋላ

ወንድምን በወንድም የመተካቱ ዘዴ ይፋትን በግብር አቆየ፤ ቤተሰቡን ግን ለንጉሡ በሚገዙና በማይገዙ ወገኖች ከፈለ። በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዳግማዊ ሐቀዲንና ሰዓደዲን ከንጉሡ ጋር ተዋጉ። ሰዓደዲን በዘይላ ከተገደለ በኋላ ልጆቹ የአዳልን ሱልጣኔት ከይፋት በስተምሥራቅ፣ ሹመት ከንጉሡ በማይጠበቅበት ምድር መሠረቱ።