አቡነ ማስያስ በእርጅና ዘመናቸው

ወንጌልን ለመስበክ ወደ አገራችን የመጡት የአቡነ ማስያስ ድካም በብዙዎቻችን ዘንድ የታወቀ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልናስታውሳቸው የወደድነው በሽምግልናቸው ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉልዬልሞ ማሳያ በ1809 በሰሜን ኢጣልያ፣ በፒየሞንቴ አውራጃ ተወለዱ። የካፑቺን ማኅበር አባል ሆነው ማዕርገ ክህነትን ከተቀበሉ በኋላ፣ በ1846 ለኦሮሞ ሕዝብ ሐዋርያዊ እንደራሴ ተብለው ጵጵስና ተሾሙ። በዚያው ዓመት ምጽዋ ቢደርሱም መንገዱ ስለተዘጋባቸው ጉድሩ የገቡት በ1852 ነበር። ከዚያም በከፋና በሸዋ አስተማሩ፤ ሕዝቡን ከፈንጣጣ ለመጠበቅ ይከትቡ ስለነበርም እንደ ሐኪም ይታወቁ ነበር። በ1879 ግን በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ትእዛዝ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ዕድሜያቸው 70 ነበር።

ዕድሜ ልክ የደከሙበትን ሥራ በድንገት ማጣት ለአረጋዊ መሪር ፈተና ነው። የሥነ ልቡና ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰን በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳመለከተው፣ የእርጅና ትግል ያለፈውን ሕይወት እንዳለ በመቀበልና በተስፋ መቁረጥ መካከል ነው። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት በትለርም በ1963፣ አረጋውያን ያለፈውን መላልሰው ማንሣታቸው የአእምሮ መድከም ሳይሆን፣ ሞት ሲቃረብ ሕይወትን የመመርመር ሥራ መሆኑን አስረዳ።

አቡነ ማስያስ ይህን ሥራ የፈጸሙት ሊቃውንቱ ከመጻፋቸው አስቀድሞ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 13ኛ ትዝታቸውን እንዲጽፉ አዘዟቸው፤ በ1884ም ካርዲናል አድርገው ሾሟቸው። የቀድሞ ማስታወሻዎቻቸው በስደት ጠፍተውባቸው ስለነበር፣ አብዛኛውን ከልባቸው እያወጡ ጻፉ። የ35 ዓመት የተልእኮ ታሪካቸው 12 ቅጽ ሆነ፤ የመጀመሪያው በ1885፣ የመጨረሻው ካረፉ በኋላ በ1895 ታተመ። እርሳቸው በ1889፣ በ80 ዓመታቸው፣ በናፖሊ አቅራቢያ አረፉ።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ እኚህ አባት ከመንጋቸው ቢለዩም ታሪካቸውን የሚሻ ሰው አላጡም። በየቁምስናችን ካሉት አረጋውያን መካከል ግን እንዲህ ያለ ጠያቂ ያገኙት ስንቶች ናቸው? የተወደዳችሁ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ አረጋዊን ወይም ሕመምተኛን ስትጎበኙ ለመምከር አትቸኩሉ። ያው ታሪክ ቢደገምም ታግሣችሁ ስሙ። መራራ ትዝታ ሲነሣም ወሬ አትለውጡ፤ ብዙ ጊዜ ዕርቅ የሚጀምረው ከዚያ ነውና።