የዘርዓ ያዕቆብ ሕይወትና የደራሲነቱ ጥያቄ

ሐተታ ዘዘርዓ ያዕቆብ በመባል የሚታወቀው የግእዝ ድርሰት እንደሚተርከው፣ ዘርዓ ያዕቆብ በ1592 ዓ.ም. በአክሱም አቅራቢያ ከድሃ ገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በሕዝቡ ዘንድ የሚጠራበት ስም ወርቄ ነበር። ድምፁ ለዜማ ባይመችለት ወደ ሰዋስውና ቅኔ ተሻገረ፤ ከዚያም ለዐሥር ዓመታት የመጻሕፍትን ትርጓሜ ተማረ። ወደ አክሱም ተመልሶ ሲያስተምርም የአገሩን ሊቃውንትና የፈረንጆችን ትርጓሜ ጎን ለጎን ያቀርብ ነበር።

ይህ አካሄድ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በተቀበሉበት ዘመን አደገኛ ሆነ። ወልደ ዮሐንስ የተባለ የአክሱም ካህን በንጉሡ ፊት ከሰሰው። ዘርዓ ያዕቆብም ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሸሸ፤ በተከዜ አቅራቢያ ባገኘው ዋሻም ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ሁሉም የራሱን ሃይማኖት እውነት ሲል ዳኛው ማን ሊሆን ይችላል የሚለው ጥያቄ የጠነከረበት በዚህ ዋሻ ውስጥ ነው። መልሱን ፈጣሪ ለሰው ሁሉ በሰጠው ልቡና ፈለገ። ሰዎችን እኩል አድርጎ ከፈጠረ አምላክ ጋር የማይስማማውን ሥርዓት፣ የባሪያ ንግድን ጨምሮ፣ ነቀፈ።

ከሱስንዮስ ሞት በኋላ በእንፍራዝ፣ ሀብቱ በተባለ ባለጸጋ ቤት መጽሐፍ እየጻፈና ልጆች እያስተማረ ኖረ። የቤቱ አገልጋይ የነበረችውን ሒሩትን ሲያገባ በትዳር ባልና ሚስት እኩል መሆናቸውን መርሁ አደረገ። በ68 ዓመቱ፣ በደቀ መዝሙሩ በወልደ ሕይወት ልመና፣ ሕይወቱንና ምርምሩን ጻፈ። ከ25 ዓመት በኋላ በ93 ዓመቱ አረፈ፤ ደቀ መዝሙሩም የራሱን ሐተታ ጻፈ።

የድርሰቱ ሁለተኛ ታሪክ የሚጀምረው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለው ጣሊያናዊ የካፑቺን ሚስዮናዊ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጀመሪያ የጽሑፉን ቅጂ በፓሪስ ለነበረው ለአንትዋን ዳባዲ ላከ። ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ደራሲው ራሱ ጁስቶ ነው ሲል ተከራከረ፤ ሚትቮኽም እ.ኤ.አ. በ1934 ይህንኑ ደገፈ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ክሎድ ሰምነር ግን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሳተማቸው ጥናቶች የኢትዮጵያዊውን ደራሲነት ደገፈ። አናይስ ዊዮን እ.ኤ.አ. በ2013 የጁስቶን ደራሲነት እንደገና አቀረበች። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

በዚህ ክርክር ሁለት ጥያቄዎች ይቀላቀላሉ። ማን ጻፈው የሚለው የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ጥያቄ ሲሆን መልሱ በቅጂዎች፣ በቋንቋና በደብዳቤዎች ምርመራ ይፈለጋል። ሙግቱ ያስኬዳል ወይ የሚለው ግን በደራሲው ማንነት አይወሰንም፤ የሰው እኩልነት ሙግት በእንፍራዝ ቢጻፍም በሚስዮናዊ እጅ ቢጻፍም የሚመዘነው በምክንያቱ ነው። ሐተታው የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ፍልስፍና ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ግን ደራሲነቱ ወሳኝ ይሆናል። የትኛው ጥያቄ እንደተነሣ ሳይለዩ መከራከር ሁለቱንም ያደበዝዛል።

ጉዳዩ በጋሞ ዞን ለሚካሄድ ጥናትም ቅርብ ነው። በጋሞ ደጋ አገር ሽማግሌዎች በዱቡሻ፣ ማለትም በጉባኤ አደባባይ፣ ተቀምጠው ስለ ሕግ፣ ስለ ጥፋትና ስለ ዕርቅ ይመክራሉ። አሳቡ የአንድ ደራሲ አይደለም፤ በጽሑፍ የሚያኖረውም ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው። ኬንያዊው ፈላስፋ ሄንሪ ኦዴራ ኦሩካ ያነጋገራቸውን ጠቢባን በስማቸው ጠርቶ ንግግራቸውን ያሳተመው ይህን መሰል ችግር ለመቋቋም ነበር። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ወይም ወደ ዶርዜ የሚወጣ ተመራማሪም ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ የተጠየቀው ምን እንደሆነና ትርጉሙ የማን እንደሆነ ለይቶ ካልመዘገበ፣ ከዘመናት በኋላ የሽማግሌው አሳብ የጸሐፊው ፈጠራ ነው ተብሎ ሊጠረጠር ይችላል። ያን ጊዜ የሚመሰክርለት መዝገብ ያስፈልገዋል፤ ለዘርዓ ያዕቆብ የጎደለው ይኸው ነው።