ቶማስ ዊሊስና የተዘጋው የጨጓራ በር

ቶማስ ዊሊስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1621 በእንግሊዝ አገር፣ ግሬት ቤድዊን በተባለች መንደር ተወለደ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በኦክስፎርድ ሲማር የእርስ በርስ ጦርነት ስለ ተነሣ ከንጉሡ ወገን ተሰለፈ፤ በ1646 የሕክምና ዲግሪውን ሲቀበል ግን ወገኑ ተሸንፎ ነበር። ለተሸናፊ ሐኪም በሽተኛ በቀላሉ አይገኝምና፣ ወጣቱ ዊሊስ አቢንግደን በምትባለው ከተማ በገበያ ቀን እየሄደ የገበሬውን ሽንት በመመርመር ይተዳደር ነበር። በ1650 በስቅላት ተቀጥታ ሞተች የተባለችውን አን ግሪንን ከዊሊያም ፔቲ ጋር ሆኖ ነፍስ እንድትዘራ ካደረገ በኋላ ስሙ ይሰማ ጀመር።

በ1660 በኦክስፎርድ የተፈጥሮ ፍልስፍና ፕሮፌሰር ሆነ። በ1664 ያሳተመው የአንጎል አወቃቀር መጽሐፍ እስከ ዛሬ ያስጠራዋል። የመጽሐፉን ሥዕሎች ከነደፉት አንዱ ኋላ የለንደንን ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የሠራው ክሪስቶፈር ሬን ነበር። ዊሊስ በአንጎል ሥር ክብ ሠርተው የሚገናኙትን ደም ቅዳዎች ቀለም ያለው ፈሳሽ እያስገባ መረመረ፤ አንዱ መስመር ቢዘጋ ደሙ በሌላው ዞሮ እንደሚደርስም አስረዳ። የከተማ ውኃ መስመር ለዘረጋ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ለጉሮሮ በሽታ ያደረገው ነገር ግን እምብዛም አይነሣለትም። በ1674 ስለ መድኃኒቶች በላቲን ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የአንድ የኦክስፎርድ ሰው ታሪክ ይገኛል። ሰውየው የዋጠው ምግብ ጨጓራው አፍ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ጉሮሮው ሞልቶ እስኪተርፍ ድረስ ይከማችና ሳይፈጭ ተመልሶ ይወጣል። ምግብ አጠገቡ እያለ በረኃብ ይመነምን ነበር። መድኃኒት ሁሉ ባለመርዳቱ ዊሊስ ፊቱን ወደ መሣሪያ መለሰ። ከዓሣ ነባሪ አጥንት ተጣጣፊ ዘንግ አበጀና ጫፉ ላይ ትንሽ ሰፍነግ አሰረበት። በሽተኛው ከበላና ከጠጣ በኋላ ዘንጉን በገዛ እጁ ወደ ታች እየገፋ በሩን ይከፍታል፤ ምግቡም ያልፋል። ሰውየው በየማዕዱ ይህን እያደረገ ከ15 ዓመት በላይ ኖረ።

በሽታው ዛሬ አካላሲያ ይባላል። በጉሮሮው ግድግዳ ውስጥ ያሉት የነርቭ ሕዋሳት ስለሚጠፉ የታችኛው የጡንቻ ቀለበት አይላላም፤ ምግቡን የሚገፋውም ማዕበላዊ እንቅስቃሴ ይቋረጣል። የጠፋውን ነርቭ የሚመልስ ሕክምና የለም፤ ሁሉም በሩን በግድ ማስከፈት ነውና የዊሊስ ዘንግ የሁሉም አያት ነው ቢባል አያሳፍርም። ኤርንስት ሄለር በ1913 በላይፕሲግ ጡንቻውን በቢላዋ ሰነጠቀ። ከ1990ዎቹ ወዲህ ይኸው ቀዶ ጥገና ሆድ ሳይከፈት በጥቃቅን ቀዳዳዎች ይሠራል። በአየር የሚነፋው ፊኛ ደግሞ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ስፋት እየተለጠጠ ጡንቻውን ይተረትራል። ሦስተኛውን ጃፓናዊው ሐኪም ሀሩሂሮ ኢኖዌ በ2008 ጀመረ፤ በአፍ በሚገባ ኢንዶስኮፕ ከጉሮሮው ስስ ሽፋን ሥር መተላለፊያ ከፍቶ ጡንቻውን ከውስጥ ይቆርጣል።

የትኛው ይበልጣል? በ2011 በወጣው የአውሮፓ ጥናት ከሁለት ዓመት በኋላ ፊኛው ለ86፣ ቀዶ ጥገናው ለ90 ከመቶ ሠርቷል፤ ልዩነቱ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። በ2019 በወጣ ሌላ ጥናት የአፍ ውስጡ ዘዴ 92 ከመቶ ሲደርስ ፊኛው 54 ከመቶ ላይ ቀረ። ነገር ግን በዚህኛው ፊኛው ከ35 ሚሊ ሜትር አላለፈም፤ በአውሮፓው እስከ 40 ይደርስ ነበርና ሁለቱን ቁጥሮች አቀራርቦ መፍረድ ስሕተት ነው። በዚያው ዓመት የአፍ ውስጡ ዘዴና ቀዶ ጥገናው ሲወዳደሩ 83 እና 82 ከመቶ ገደማ ሆኑ። ዋጋው የሚታየው ሌላ ቦታ ነው፤ በሩ ወለል ብሎ ሲከፈት የጨጓራ አሲድ ሽቅብ ይመለሳል። ከሁለት ዓመት በኋላ በአሲድ የቆሰለ ጉሮሮ የተገኘባቸው ከአፍ ውስጡ ዘዴ 44፣ ከቀዶ ጥገናው 29 ከመቶ ነበሩ። ቀዶ ሐኪሙ የጨጓራውን ጫፍ አጥፎ መከላከያ ስለሚያበጅ ነው። ጡንቻው ረዥም ርቀት ድረስ ለሚኮማተርበት በሽተኛ ግን የአፍ ውስጡ ዘዴ መቁረጫውን ወደ ላይ ማስረዘም ስለሚችል ተመራጭ ነው።

ዊሊስ በ1667 ወደ ለንደን ተዛወረ፤ እዚያም የገበያ ቀን ሐኪምነቱ ተረስቶ ብዙ ባለጸጎችን አከመ። ኅዳር ወር 1675፣ በ54 ዓመቱ ዐረፈና በዌስትሚንስተር አቢ ተቀበረ። በአንጎል ሥር ያለው የደም ቅዳ ክብ በስሙ ይጠራል። በዘንጉ የኖረውን የኦክስፎርድ ሰው ስም ግን አልጻፈውም።