ሁለት ኮሌጅ ገብቶ የወደቀው ራማኑጃን

ሂሳብ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት የአንደኛ ሴሚስተር ውጤት ሲለጠፍ ፊታቸው ጠቁሮ ቢሮዬ ለሚመጡ ፍሬሽማኖች የምነግራቸው አንድ የሕይወት ታሪክ አለ። ለዚህ የዓመት መጽሔት ጻፍ ስባልም እሱኑ መረጥኩ። በእኛም ባች ዓመቱ ሳይጋመስ ሻንጣቸውን ሸክፈው የሄዱ ልጆች ነበሩና።

ስሪኒቫሳ ራማኑጃን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1887 ደቡብ ሕንድ ውስጥ ኢሮድ በምትባል ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ኩምባኮናም ነው። አባቱ የጨርቅ ሱቅ ጸሐፊ ነበር፤ ኑሯቸው ከእጅ ወደ አፍ። ልጁ 15 ዓመት ገደማ ሲሆነው ጆርጅ ካር የተባለ እንግሊዛዊ ያዘጋጀው፣ 5,000 ያህል የሂሳብ ውጤቶች የተደረደሩበት መጽሐፍ እጁ ገባ። መጽሐፉ ማረጋገጫ እምብዛም አይሰጥም፤ ልጁ ራሱ ሊያወጣው ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አልታይ አለው።

በ1904 በሂሳብ ተሸልሞ ትምህርት ቤቱን ጨረሰና በስኮላርሺፕ የኩምባኮናም መንግሥት ኮሌጅ ገባ። ኮሌጁ ደግሞ እንግሊዝኛም ሌላውም ትምህርት እንዲያልፍ ይፈልጋል። እሱ ሂሳቡን ብቻ ይዞ ወደቀ፤ ስኮላርሺፑም ተወሰደበት። በ1905 ለወላጆቹ ሳይናገር ከቤት ጠፍቶ ወደ ቪሻካፓትናም ሄደ። ውጤት ይዞ ቤት መግባት ያስፈራው ሁሉ ይህቺን መንገድ ያውቃታል።

በ1906 ማድራስ ሄዶ ፓቻያፓ ኮሌጅ ገባ፣ እንደገና ጀመረ። ሂሳብ ላይ አንበሳ ነው፤ ፊዚዮሎጂ ግን አልዋጥልህ አለው። በዓመቱ መጨረሻ ፈተናውን ወደቀ፤ በ1907 ደግሞ ተፈትኖ ወደቀ። ያለ ዲግሪ ቀረ።

ሥራውን ግን አላቆመም። ወረቀት ውድ ስለነበር በጥቁር ሰሌዳ ላይ እያሰላ፣ መልሱን ብቻ ደብተር ላይ ይገለብጥ ነበር። በ1909 ትዳር ያዘ፤ እንጀራ ፍለጋም ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ በር ማንኳኳት ጀመረ። በ1910 የሕንድ የሂሳብ ማኅበርን የመሠረቱት ራማስዋሚ አየር ደብተሩን ገልጠው አዩና ወደሚያውቋቸው ሰዎች ላኩት። ራማቻንድራ ራኦ የተባሉ ባለሥልጣን በወር 25 ሩፒ ይደጉሙት ጀመር። በ1911 የመጀመሪያ ጽሑፉ ታተመ፤ በ1912 በማድራስ ወደብ መሥሪያ ቤት በ30 ሩፒ ጸሐፊ ሆነ። በ1913 ካምብሪጅ ለነበረው ለሃርዲ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሃርዲ ማንነቱን በሥራው ለየው። ያን ጊዜ የማድራስ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ለሌለው ለዚህ ሰው በወር 75 ሩፒ የምርምር ድጎማ ሰጠው።

በ1914 ወደ እንግሊዝ ተሻገረ፤ በ1916 ካምብሪጅ በምርምሩ ዲግሪ ሰጠው። አንድ ቁጥር በስንት ዓይነት ድምር ሊጻፍ ይችላል የሚለውን ጥያቄ ከሃርዲ ጋር ሠራ፤ ለምሳሌ 4 በ5 መንገድ ይጻፋል፤ ቁጥሩ ሲያድግ ግን መንገዱ በጣም ይበዛል። በ1918 የለንደን ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ። ጤናው ግን ከድቶት ነበር፤ አገሩ ተመልሶ በ1920 በ32 ዓመቱ አረፈ።

ለተማሪዎቼ መውደቅ ሊቅ ያደርጋል አልላቸውም፤ አያደርግም። ፊዚዮሎጂ አለመቻሉን ፈተናው በትክክል ነግሮታል። ምን እንደሚችል ግን ፈተናው አልጠየቀውም። ስለዚህ የምላቸው ይህን ነው፦ የምትችለውን ሥራ አትጣል፤ ደብተርህን ይዘህ ሰው ጋ ሂድ።

ለእኛ ለመምህራን ደግሞ፣ ሕጉ ሕግ ነው፤ ተማሪ ሲሰናበት ፊርማችን ይፈለጋል። ደብተሩን ገልጦ ለማየት ግን የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። እናንተም የባች ጓደኞቼ፣ በዚያ ሴሚስተር የሄዱት ልጆች ስማቸው በዚህ መጽሔት የለም። ስልካቸው ያላችሁ ደውሉላቸው፤ ለግብዣው ይምጡ።